ኦቨር ሬቭ ምንድን ነው? ሞተር ሲሰበር የዋራንቲውን ዕጣ የሚወስነው ቁጥር

ኦቨር ሬቭ ማለት ሞተር ከተሠራለት የዙር (በደቂቃ የሚሽከረከርበት ብዛት) ጣሪያ በላይ ሲሽከረከር ነው። ይኸው ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም። ግን ፖርሽ 911 ወይም ሌላ ፈጣን የስፖርት መኪና የሚነዳ ሰው ሞተሩ ተሰብሮበት፣ ዋራንቲ አለኝ ብሎ ተማምኖ መኪናውን በክሬን አስጭኖ ዲለሩ (የአምራቹ ወኪል ሻጭና ጋራዥ) ጋ ሲደርስ፣ መካኒኩ አንድም ብሎን ሳይፈታ ኮምፒውተሩን ሰክቶ መጀመሪያ ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ ይሄ ነው።

ኦቨር ሬቭ ሁለት ዓይነት ነው፤ ልዩነታቸውን ያልያዘ ሰው ከዲለር ጋር ሲከራከር ይሸነፋል።

የመጀመሪያው በነዳጅ የሚመጣው ነው። ማርሽ ሳትቀይር ነዳጁን ረግጠህ ያዝክ እንበል። ዙሩ ጣሪያው ላይ ሲደርስ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ወይም እሳቱን ይቆርጠዋል፣ መኪናው ይንተፋተፋል፣ እግርህን ስታነሳ ይረጋጋል። ሊሚተር የሚባለው ይሄ ነው። ሥራውን ሠራ፣ ሞተሩም ምንም አልሆነም። ሁለተኛው ነው ጉዱ። እሱ የሚመጣው ከማርሽ ነው። በማንዋል ካምቢዮ በ3ኛ ማርሽ 7,500 ዙር ላይ እየበረርክ ወደ 4ኛ ልትጨምር ዘንጉን ወደ ታች ስትስበው እጅህ ትንሽ ወደ ግራ ካዘነበለ 2ኛ ውስጥ ይገባል። ፍሪሲዮኑን ስትለቅ ጎማዎቹ ሞተሩን በግድ ያሽከረክሩታል። የ3ኛው ማርሽ ሬሾ 1.5፣ የ2ኛው ደግሞ 2.2 ቢሆን፣ ያ 7,500 ዙር በቅጽበት 11,000 ሆነ ማለት ነው። እዚህ ላይ ሊሚተሩ ምን ያድርግ? ነዳጁን ቢቆርጥም ሞተሩን የሚያዞረው ነዳጅ አይደለም፤ አንድ ቶን ተኩል የሚመዝነው መኪና ራሱ እየገፋው ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ነጂዎች መኒ ሺፍት፣ «የገንዘብ ማርሽ» እንደማለት፣ ይሉታል፣ ሂሳቡ ሲመጣ ምክንያቱ ይገባል።

ለምን ይሰብረዋል? ፒስተኑ በእያንዳንዱ ዙር ላይ ወጥቶ ይቆማል፣ ታች ወርዶ ይቆማል። እሱን አስቁሞ የሚመልሰው ቢዬላው፣ ፒስተኑን ከሚሽከረከረው ዋና ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ክንድ፣ ነው፣ ቢዬላውን የያዙት ደግሞ ቀጫጭን ብሎኖች ናቸው። እነሱ ላይ የሚያርፈው ጉተታ ከዙሩ ጋር እኩል አይደለም የሚጨምረው፤ ዙሩ እጥፍ ሲሆን ጉተታው አራት እጥፍ ይሆናል። ለ8,000 ዙር የተሠራ ሞተር 11,000 ሲገባ ጉተታው ወደ እጥፍ ይጠጋል። ከላይ በኩል ደግሞ የቫልቮቹ ስፕሪንግ በጊዜ መመለስ ያቅተዋል፣ ቫልቩ ሳይዘጋ ፒስተኑ መጥቶ ይመታዋል። አንዳንዱ ሞተር እዚያው ቀጥ ይላል። አንዳንዱ ግን ብሎኑ ትንሽ ተለጥጦ ወይም ቫልቩ ትንሽ ጎብጦ ሳምንታት ይነዳና አንድ ቀን ሰላማዊ መንገድ ላይ ቢዬላው የሞተሩን ግድግዳ በስቶ ይወጣል። የዋራንቲ ክርክሩ የሚከፋው በዚህኛው ነው፣ ምክንያቱም ባለቤቱ «ቀስ ብዬ እየነዳሁ ነው የፈነዳው» ሲል እውነቱን ነው።

በነገራችን ላይ ይሄ የሀብታም መኪና ጣጣ ብቻ አይደለም። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ የሚወርድ ከባድ መኪና በሞተር ብሬክ ሲይዝ ማርሹን ካላመጣጠነ፣ ቁልቁለቱና ጭነቱ ተረዳድተው ዙሩን ቀዩ መስመር ውስጥ፣ ማለትም ከጣሪያው በላይ፣ ይከቱታል። ነገሩ ያው ነው፣ ሞተሩን የሚያዞረው መኪናው ነው።

ወደ ፖርሽ እንመለስ። የሞተሩ ኮምፒውተር ከጣሪያው በላይ ያለውን ዙር ከፋፍሎ ይመዘግባል። 997 ከሚባለው የ911 ትውልድ ወዲህ ክፍሎቹ 6 ናቸው። 1ኛው ሊሚተሩን በመንካት ብቻ ይሞላል፣ የማንም ስፖርት መኪና እዚያ ላይ ቁጥር ቢኖረው አይገርምም። ከ4ኛ በላይ ያሉት ግን በነዳጅ አይደረስባቸውም፤ እዚያ ቁጥር ካለ ማርሽ ተሳስቷል ማለት ነው። የተመዘገበው ደግሞ «ስንት ጊዜ ኦቨር ሬቭ ሆነ» አይደለም፣ በዚያ ዙር ላይ ሞተሩ ነዳጁን ያቀጣጠለበት ብዛት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ በከንቱ ይደነግጣል። ባለ 6 ሲሊንደር ሞተር በአንድ ዙር 3 ጊዜ ስለሚያቀጣጥል በ8,000 ዙር በሰከንድ 400 ይቆጥራል። ስለዚህ 1ኛው ክፍል ላይ 2,000 የሚል ቁጥር ብታይ ተደምሮ 5 ሰከንድ ገደማ ነው፣ እንቅልፍ አያሳጣም። 6ኛው ላይ 30 ብታይ ግን እጅግ አጭር ቅጽበት ቢሆንም እኔ መኪናውን አልገዛም።

ከቁጥሩ አጠገብ ሌላ ነገር አለ፣ ሰዓት። በእያንዳንዱ ክፍል የመጨረሻው ኦቨር ሬቭ ሞተሩ ስንት ሰዓት ሠርቶ ሳለ እንደተከሰተ ይጻፋል። ሞተሩ በጠቅላላ 900 ሰዓት ሠርቶ 5ኛው ክፍል 310ኛው ሰዓት ላይ ተመዝግቦ ከሆነ፣ ከዚያ ወዲህ 590 ሰዓት በሰላም ነድቷል። 898ኛው ሰዓት ላይ ከሆነ ግን ሰውዬው አጥፍቶ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ነው «ዋራንቲ» እያለ የመጣው።

አሁን ዋናው ነገር። ዋራንቲ ሞተር እንዳይሰበር የተሰጠ ዋስትና የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አይደለም። አምራቹ ቃል የሚገባው በዕቃው ወይም በአሠራሩ ላይ ያለ ጉድለት የኔ ነው ብሎ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ሲሰበር ጥያቄው «ተሰበረ ወይ?» ሳይሆን «በማን ጥፋት?» ይሆናል፣ መዝገቡ ደግሞ ምስክር ሆኖ ይቆማል። ምስክርነቱ ግን በአንተ ላይ ብቻ አይደለም፤ ላንተም ይመሰክራል። ላይኛዎቹ ክፍሎች ባዶ ከሆኑና ዘይቱ በጊዜው የተቀየረበት ወረቀት ካለህ፣ ጥፋቱን አሽከርካሪው ላይ መለጠፍ ይከብዳቸዋል።

ለዚህ ጥሩው ማሳያ የ2014 ሞዴሉ 911 ጂቲ3 ነው። 3.8 ሊትር፣ 475 የፈረስ ጉልበት፣ እስከ 9,000 ዙር የሚጮህ ሞተር። የካቲት 2006 ላይ፣ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 2014 ማለቴ ነው፣ አውሮፓ ውስጥ ሁለቱ በእሳት ጋዩ። ፖርሽ ባለቤቶቹን «አትንዷቸው፣ መጥተን እንወስዳለን» አለ። ሲመረመር የቢዬላ ብሎን ላልቶ፣ ቢዬላው የሞተሩን ገላ ሰብሮ፣ የፈሰሰው ዘይት ተቀጣጥሎ ተገኘ። የ785ቱም መኪኖች ሞተር እንዲቀየር ተወሰነ፣ ያልተቃጠሉትም ጭምር። እና ልብ በሉ፣ ያ መኪና የሚሸጠው ፒዲኬ በሚባለው ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ካምቢዮ ብቻ ነበር። ፒዲኬ ዙሩን ከጣሪያ በላይ የሚያስወጣ ማርሽ ብታዘው አይቀበልህም። ስለዚህ «ማርሽ አሳስተህ ነው» የሚባል ሰበብ ከመነሻው ቦታ አልነበረውም።

በዚያም አላበቃም። የዚሁ ሞተር ቫልቮችን የሚገፉት ትንንሽ ጣቶች ከካምሻፍቱ (ቫልቮቹን ከሚያስከፍተው ዘንግ) ጋር በሚፋተጉበት ቦታ ያለጊዜያቸው የሚበሉ ሆነው ተገኙ። ሞተሩ ይንተፋተፋል፣ የስህተት መብራት ይበራል፣ ዲለሩም ሞተሩን አውርዶ ሌላ ይሰቅላል። ፖርሽ በኋላ አሜሪካ ውስጥ የእነዚህን ሞተሮች ዋራንቲ እስከ 10 ዓመት ወይም 120,000 ማይል አራዘመው፤ የተለመደው 4 ዓመት ወይም 50,000 ማይል ነው። ቢኤምደብልዩም ከ2001 እስከ 2003 በተሠሩት ኤም3 የሚባሉ የስፖርት መኪኖቹ ላይ የቢዬላ ብሮንዚና (ቢዬላው የሚሽከረከርበት ማለስለሻ ቀለበት) ሲያስቸግር መኪኖቹን ጠርቶ ቀይሮ ዋራንቲውን ወደ 6 ዓመት ወይም 100,000 ማይል ከፍ አድርጎታል። ችግሩ የብዙ መኪና መሆኑ ከታወቀ በኋላ አንተን እንደ ተከሳሽ ማየቱ ይቀንሳል። ብቻህን ከሆንክ ነው ፈተናው። (የሚገርመው ፖርሽ በ2017 ጂቲ3ን በ4.0 ሊትር ሞተር ሲያወጣ የቫልቩን አሠራር ለወጠው፣ ደንበኛው ስለጮኸ ደግሞ ማንዋል ካምቢዮ መለሰ። መኒ ሺፍትም አብሮ ተመለሰ።)

ሶፍትዌር የተነካ መኪናስ? አሜሪካ ያላችሁ ማግነሰን ሞስ የሚባለውን የ1975 ሕግ እወቁት። አምራቹ የሌላ ድርጅት ዕቃ ስለገጠምክ ብቻ ዋራንቲህን ሊሰርዝ አይችልም፤ ለብልሽቱ ምክንያት የሆነው ያ ዕቃ መሆኑን ማሳየት አለበት። ግን ተረጋጉ። ሊሚተሩን በሶፍትዌር ከፍ አድርጎ ሞተር ለሰበረ ሰው ይህን ማሳየት ለነሱ ከባድ አይደለም።

ሞተሩ ይቀየር ከተባለስ ምን ይሆናል? ዲለሩ የኮምፒውተሩን መዝገብ፣ ፎቶ፣ የዘይት ፊልትሮ ውስጥ የተገኘውን ብረት ሁሉ ለአምራቹ ይልካል። ፈቃዱ የሚመጣው ከዚያ እንጂ ከዲለሩ አይደለም፣ ስለዚህ ጠረጴዛው ጋ ባለው ልጅ ላይ መጮህ ትርፍ የለውም። ይልቅ ሞተሩን እንዲከፍቱ ከመፍቀድህ በፊት «ዋራንቲው እምቢ ካለ የመፍቻውን ማን ይከፍላል?» ብለህ በጽሑፍ መልስ ያዝ። አሮጌው ሞተር ብዙ ጊዜ ለምርመራ ወደ ፋብሪካ ይመለሳል። ሞተር ስለተቀየረ ደግሞ የመኪናው ዋራንቲ ከዜሮ ይጀምራል ብለህ አታስብ፤ በአብዛኛው የቀረህን ጊዜ ነው የምትጨርሰው። አዲሱ የሞተር ቁጥርም መኪናው ወረቀት ላይ መስተካከል አለበት፣ አለዚያ ስትሸጥ ጭቅጭቅ ነው።

ያገለገለ ለምትገዙ ደግሞ፣ በተለይ ዱባይ ወይም ዲሲ አካባቢ ፖርሽ እያያችሁ ላላችሁ፣ ያንን የኦቨር ሬቭ ሪፖርት ዲለር ጋ በትንሽ ክፍያ ማስነበብ ይቻላል። ሻጩ «አያስፈልግም፣ ንጹሕ ነው» ካለ ሌላ መኪና ፈልጉ። ሪፖርቱ ሲመጣም ጠቅላላ ሰዓቱን ከኪሎ ሜትሩ ጋር አካፍሉት። 45,000 ኪሎ ሜትር ለ900 ሰዓት ሲካፈል በአማካይ በሰዓት 50 ነው፣ ያስኬዳል። 18,000 ኪሎ ሜትር ብሎ 900 ሰዓት ካሳየ አማካዩ 20 ነው። ወይ መኪናው ዕድሜውን በትራፊክ መጨናነቅ ጨርሷል፣ ወይ ደግሞ ቆጣሪውን የመለሰው ሰው ኮምፒውተሩ ውስጥ ሌላ ሰዓት እንዳለ ረስቷል።