«ድንጋይ ያው ድንጋይ ነው»፦ ስለ ቁርጥራጭ ድንጋይ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ለገጣፎ ቤት ሠርተን ስንገባ ሰፈሩ ግማሹ ቤት፣ ግማሹ ግንባታ ነበር። አሁንም ያው ነው። አንዱ ኪችኑን ግራናይት ያለብሳል፣ ሌላው ደረጃውን እብነ በረድ ያነጥፋል፣ ቁርጥራጩ አጥር ሥር ይከመራል። «ውሰደው፣ ቦታ ይለቅልን» ይሉኛል። እኔም እወስዳለሁ። ከዚያ ክምር የእግር መንገድና የቡና ጠረጴዛ ሠርቻለሁ። መንገዱን ሁለት ጊዜ አፍርሼ ነው የሠራሁት። ያስፈረሰኝ ድንጋዩ አይደለም፤ አላፊ አግዳሚው በሙሉ ልብ የሚለግሰኝ ምክር ነው።

«የሚያብረቀርቅ ሁሉ እብነ በረድ ነው»

አይደለም። እብነ በረድ የኖራ ድንጋይ ከመሬት በታች በሙቀትና በግፊት ብዛት ተለውጦ የሚገኝ ነው። ግራናይት ደግሞ የቀለጠ ዓለት ጥልቅ ቦታ ላይ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ የሚፈጠር ነው። ሁለቱም ሲወለወሉ ያበራሉ፤ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው።

መለያው ኪችን ውስጥ አለ። ድንጋዩን ካልተወለወለው ጎኑ በምስማር ጫር ጫር አድርጉና አቼቶ ጠብ አድርጉበት። አረፋ ካወጣ እብነ በረድ ወይም የኖራ ድንጋይ ነው። ዝም ካለ ግራናይት ወይም ጥቁር ድንጋይ ሊሆን ይችላል።

ይህን ሳላውቅ የመጀመሪያውን የቡና ጠረጴዛ ከደረጃ የተረፈ ነጭ እብነ በረድ ሠራሁት። አንድ ቀን የተቆረጠ ሎሚ ላዩ ላይ አደረ። ጠዋት ክብ፣ ደብዛዛ ምልክት ተቀምጧል። ባለቤቴ በሳሙና ፈተገችው፣ በኦሞ ሞከረችው፣ ወይ ፍንክች። ለካ ቆሻሻ አይደለም፤ አሲዱ ውልውሉን በልቶታል። የድንጋይ ቅባት ቢቀባም ይህን አያስቀርም፤ ቅባት የሚከላከለው ዘይትና ቡና ወደ ውስጥ እንዳይሰርግ ነው።

አሁን በቦታው ለሲንክ ከተቀደደ ግራናይት የወጣ ቁራጭ አለ። 40 በ50 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 2 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ወደ 11 ኪሎ። ሲኒ ቢደፋበትም ግድ የለውም። እብነ በረዱ ደግሞ ኪችን ገብቶ የሳምቡሳ ሊጥ መዳመጫ ሆኗል። ሙቀትን ቶሎ ከሊጡ ስለሚወስድ ቀዝቀዝ ያደርገዋል።

«ያማረው ፊት ወደ ላይ»

የመጀመሪያው መንገድ የፈረሰው በዚህ ነው። ከበሩ እስከ ቤቱ የተወለወለ እብነ በረድ ደረደርኩ፤ ያየ ሁሉ አደነቀ። ሰኔ ገባ። አማቴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሁለተኛው ድንጋይ ላይ ተንሸራተቱ። ደግነቱ ክንዴን ይዘው ነበር። «ይሄ መንገድ ነው ወይስ መስታወት?» አሉኝ።

ድንጋዩን አንድ በአንድ ነቅለን ገለበጥነው። ጀርባው በመጋዝ እንደተቆረጠ የቀረ፣ ሸከር ያለ ነው። ቀለሙ ሲደርቅ ደብዘዝ ይላል፤ ዝናብ ሲነካው ግን ፍክት ይላል። የተወለወለ ፊት ለግድግዳና ከግድግዳ ሥር ለሚለጠፈው ዞኮሎ ይሁን፤ ውጪ ለሚረገጥ ቦታ አይሆንም።

«መሬት ላይ ደርድረው፣ እየተረገጠ ራሱ ይቀመጣል»

ይህኛው ሁለተኛ ጊዜ አስፈረሰኝ። የእኔ ግቢ መረሬ አፈር ነው፤ በከተማው ዙሪያ ቤት የሠራ ሰው ያውቀዋል። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ላዩ ላይ የተደረደረ ድንጋይ አብሮት ይነሳል፣ አብሮት ይወርዳል። በሚቀጥለው ጥር መንገዴ የተበላሸ ጥርስ መሰለ፤ አንዱ ቀና፣ አንዱ ዘመም። ትላልቆቹ ቁራጮች ደግሞ ሥራቸው ባዶ ስለቀረ ለሁለት ተሰነጠቁ።

በሲሚንቶ ላጣብቀው ብዬ ግንበኛ ጠራሁ። ሰውየው አፈሩን በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገና «ጋሼ፣ ሲሚንቶዎን ለሌላ ያቆዩት፤ ይሄ አፈር ይሰነጥቀዋል» አለኝ። መረሬውን ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ቆፍረን አወጣን፣ ገረጋንቲ (ጠጠራማ አፈር) ሞልተን እያረጠብን ጠቀጠቅነው፣ ከላይ 5 ሳንቲ ሜትር አሸዋ ዘረጋን። በየሜትሩ ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እንዲል አደረግነው፤ ውሃው ከቤቱ ይርቃል። ድንጋዩ አሸዋው ላይ ተቀመጠ፣ ክፍተቱም በአሸዋ ተሞላ። አፈሩ ትንሽ ቢንቀሳቀስ እንኳ አንዱን ድንጋይ አንስቶ ማስተካከል ይቻላል። ትልቅ የነበረውን ሆን ብለን አሳነስነው፤ ስስ ድንጋይ ሲያንስ ይበረታል።

እዚህ ጋ «ቁርጥራጭ ነፃ ነው» ለሚሉኝም መልስ አለኝ። ድንጋዩ ነፃ ነው። ገረጋንቲው፣ አሸዋው፣ ጋሪውና የቀን ሠራተኛው ነፃ አይደሉም።

«አበባ ፖት ሥር ጠጠር ካደረጉ ውሃው ቶሎ ይወርዳል»

እንዲያውም ተቃራኒው ነው። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ሸካራ ጠጠር በቀላሉ አይሻገርም። አፈሩ እስኪሞላ ድረስ እላይ ይቆያል፤ ሥሩም ይበሰብሳል። ፖቱ ከታች ቀዳዳ ይኑረው፣ ስብርባሪው ከአፈሩ በላይ ይነጠፍ። እርጥበት ይይዛል። ቡና ችግኝ ላይ ግን የእብነ በረድ ስብርባሪ ባታደርጉ ይሻላል። ቀስ በቀስ አፈሩን ወደ ኖራነት ይወስደዋል፤ ቡና ደግሞ ትንሽ አሲዳም አፈር ይወዳል።

«ድንጋይ እሳት አይፈራም»

ይፈራል። ውስጡ ውሃ የያዘ ድንጋይ ድንገት ሲግል ውሃው እንፋሎት ሆኖ ሊያፈነዳው ይችላል፤ ከወንዝ የተለቀመ በተለይ። ግራናይት ውስጥ ያለው ኳርትዝ 573 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ድንገት ይሰፋል፣ ድንጋዩን ይሰነጥቀዋል። እብነ በረድም በጣም ሲግል ወደ ኖራነት ይለወጣል። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል፤ ዓይን ግን ሊያተርፍ ይችላል።

«ቁርጥራጭ ማንጠፍ ገንዘብ ያጠረው ሰው ሥራ ነው»

ቴራዞ ወለል የሚሠራው ከእብነ በረድ ስብርባሪ ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የጥንት ሰው መኖሪያ መልካ ቁንጥሬ፣ በ2024 (እ.ኤ.አ.) ባልጪት ከሚባለው አጠገቧ ካለ ቦታ ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። እዚያ ከባልጩት፣ መስታወት ከሚመስለው ጥቁር ድንጋይ፣ የተፈለጠው ስባሪ ራሱ ቢላ ነበር፤ ያውም ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በላይ በፊት። በዚህ ላይ ሌላ ክርክር አያስፈልገኝም።

«አቧራው ምንም አይደል፣ ወተት ይጠጣበታል»

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ሰፈር ውስጥ ግራናይት በግራይንደር በደረቁ የሚቆርጥ ልጅ አለ። አፉን በሻርፕ ሸፍኖ፣ ቅንድቡ ነጭ እስኪሆን ይሠራል። «ወተት እጠጣለሁ ጋሼ፣ ይጠርገዋል» አለኝ። ወተት የሚወርደው ሆድ ነው፤ አቧራው የሚገባው ሳንባ። መንገዳቸው አይገናኝም።

ግራናይት ውስጥ ያለው ኳርትዝ ሲቆረጥ ዓይን የማያየው ብናኝ ይሆናል። ሳንባ ውስጥ ገብቶ ጠባሳ ይተዋል። ሲሊኮሲስ ይባላል፤ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ፋብሪካ የሚሠራው ሰው ሠራሽ ኳርትዝ አብዛኛውን ጊዜ ከ90 በመቶ በላይ ሲሊካ ስለሆነ የባሰ ነው። ሻርፕ ይህን ብናኝ አይዝም፤ ቢያንስ ኤን 95 ማስክ ያስፈልጋል። ከማስኩ የሚበልጠው ድንጋዩን በውሃ እያረጠቡ መቁረጥ ነው። ሃይላንድ ክዳኑን በስቶ በተራ ግራይንደር ላይ ማንጠባጠብ ግን በኤሌክትሪክ ያስይዛል። እኔ ቁራጮቼን ውሃ እየፈሰሰበት የሚቆርጥ ትልቅ መጋዝ ወዳለው ቤት ወስጄ በትንሽ ገንዘብ አስቆርጣለሁ።

ልጁም አሁን ማስክ ገዝቷል፤ ትልቅ ትልቁንም ወደ መጋዙ ቤት ይወስዳል። ወተቱን ግን አልተወም። ጠጣ፣ ለአጥንትህ ጥሩ ነው አልኩት።