ቀይ ሽግሽግ ሲባል ጋላክሲው ቀልቷል ማለት አይደለም

ቀይ ሽግሽግ ማለት ከሚርቅ ጋላክሲ የሚመጣ ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ረዝሞ ወደ ቀዩ ጫፍ መገፋቱ ነው። የሚለካው በጋላክሲው ቀለም ሳይሆን በብርሃኑ ኅብረ ቀለም ውስጥ ባሉት መስመሮች ቦታ ነው፤ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር በራሱ የሞገድ ርዝመቶች ላይ መስመሮች አሉት። የሃይድሮጂን ቀይ መስመር በቤተ ሙከራ 656.3 ናኖሜትር ላይ ይታያል። ከአንድ ጋላክሲ በመጣ ብርሃን 662.9 ላይ ካገኘነው፣ ልዩነቱን 6.6ን ለ656.3 እናካፍላለን፤ 0.01 ይመጣል። ይህን በብርሃን ፍጥነት (በሰከንድ 300,000 ኪሎሜትር ገደማ) ስናባዛው ጋላክሲው በሰከንድ 3,000 ኪሎሜትር ያህል እየራቀን ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው፤ የሚያሳስተው መስመሩን መለየቱ ነው። አንድ መስመር ብቻ ካለ የሃይድሮጂን ይሁን የኦክስጅን በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። ሌላው የሃይድሮጂን መስመርም ከ486.1 ተነሥቶ በዚያው 1 በመቶ ተገፍቶ 491 አካባቢ ከተገኘ ግን ጥርጣሬው ይወገዳል።

ሁሉም ጋላክሲ አይርቅም። አሜሪካዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ቬስቶ ስላይፈር በ1912 እ.ኤ.አ. አንድሮሜዳን ሲለካ (ያኔ ጋላክሲ መሆኗ እንኳ አልታወቀም ነበር) መስመሮቿ ወደ ሰማያዊ ተገፍተው አገኛቸው፦ በሰከንድ 300 ኪሎሜትር ያህል ወደ እኛ። የዚህ ፍጥነት አብዛኛው ግን ፀሐይ በራሷ ጋላክሲ ውስጥ በመዞሯ የመጣ ነው፤ ሲቀነስ 110 ገደማ ይቀራል።

ሽግሽጉ ከ0.1 በላይ ሲሆን ግን ይህ ቀላል ማባዛት እያሳሳተ ይሄዳል፤ የኅዋ መለጠጥ በሒሳቡ ውስጥ መግባት አለበት።