ቦዲ ፖዚቲቪቲ ምንድን ነው?

ሰው መከበርም፣ በቅጡ መታከምም፣ ራሱን መንከባከብም የሚገባው አሁን ባለው ሰውነቱ ነው፤ እስኪቀጥን ወይም እስኪፈረጥም መጠበቅ የለበትም የሚል አስተሳሰብ ነው።

ዛሬ ስሙ የሚነሳው ከሰልፊና ከመዋቢያ ማስታወቂያ ጋር ቢሆንም የተጀመረው አደባባይ ላይ ነው። በ1967 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ 500 ያህል ሰዎች ተሰብስበው፣ በውፍረታቸው የሚደርስባቸውን ንቀት በመቃወም የዳይት መጻሕፍት አቃጠሉ። በ1969 ደግሞ በወፍራም ሰዎች ላይ የሚፈጸመውን መድልዎ የሚታገል ማኅበር እዚያው አሜሪካ ተቋቋመ።

«ይሄማ ስንፍናን ማሞገስ ነው» የሚሉ አሉ። እስቲ ጉልበቱን ያመመው አንድ ወፍራም ሰው ሐኪም ዘንድ ሄደ እንበል። ወንበሩ ላይ በቅጡ ሳይደላደል «መጀመሪያ ክብደት ቀንስ» ይባላል። ጉልበቱን የነካው፣ አጥፎ የዘረጋው የለም። ይህ ሰው ሌላ ጊዜ ሲያመው ብሶበት ካልሆነ አይሄድም። ጂም ቢመዘገብም ሁሉም እሱን የሚያይ እየመሰለው ብዙ ሳይቆይ ይተወዋል። ጥናቶችም የሚያሳዩት ይህንኑ ነው፤ በክብደታቸው የሚሸማቀቁ ሰዎች ከስፖርትም ከሐኪምም ይሸሻሉ። በርግጥ ከልክ ያለፈ ውፍረት ከስኳርና ከደም ግፊት ጋር ይያያዛል፤ ይህን የሚክድ ደጋፊ ካጋጠማችሁ አትስሙት። ራሱን የተቀበለ ሰው ስኳሩን መለካት አይከለከልም፣ እንዲያውም ሳይሳቀቅ ይለካል።

ስለ ሰውነታችን ያለን ስሜት ከምናየው ምስልም ይመጣል። ፊጂ በምትባለው የፓስፊክ ውቅያኖስ ደሴታማ አገር ውስጥ ሞላ ያለ ሰውነት የሚወደድ ነበር። ቴሌቪዥን በ1995 እ.ኤ.አ. በገባበት አንድ አካባቢ በልጃገረድ ተማሪዎች ላይ ጥናት ተደረገ፤ ያኔ ለመቅጠን ብላ የምታስታውክ አንዲትም አልተገኘችም። በ1998 ግን ከመቶ 11 ያህሉ ይህን እናደርጋለን አሉ።

እኔን የማይጥመኝ «ሰውነትሽን በየቀኑ ውደጂ» የሚለው ምክር ነው። መስታወት ፊት ቆሞ በግድ መደሰት ሌላ የቤት ሥራ ነው። ቦዲ ኒውትራሊቲ የሚሉት አካሄድ ይሻለኛል፦ መውደዱ ባይሆንልሽ አትጨነቂ፤ እግርሽ ደረጃ ያወጣሻል፣ ክንድሽ ልጅ ያቅፋል፣ ለዛሬ ይበቃል። በተግባር ሲታይ ቀላል ነው። «ስቀንስ እለብሰዋለሁ» ተብሎ የተሰቀለው ሱሪ ይነሳና ልክ የሚሆን ይገዛል። እንቅስቃሴ የሚመረጠው ደስ ስለሚል ነው፣ የበሉትን ለመቅጣት አይደለም። ጠዋት ሚዛን ላይ የታየ አንድ ኪሎ ጭማሪም ቀን አያበላሽም፤ ማታ የተበላ ጨው የያዘው ውሃ ሊሆን ይችላል።

ምግብን መፍራት፣ በልቶ ማስታወክ፣ ራስን ማስራብ ከተጀመረ ግን በምክር አይመለስም። ያ ሕመም ነው፤ የአእምሮ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። ቀጭን ሰዎችን ብቻ የሚይዝ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ወፍራሙም ይታመማል፤ ራሱን እያስራበ ሲቀንስ ደግሞ ዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ «ጎበዝ» እያለ ስለሚያደንቀው ሕመሙ ሳይታወቅ ይቆያል።