ድሬድኖት፦ ስለ እንግሊዟ የጦር መርከብ የሚባለውና የሆነው

ድሬድኖትን ያህል ብዙ የተወራላት የጦር መርከብ ጥቂት ናት፤ ከተወራው ግን ግማሹ ሲፈተሽ አይቆምም። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«በአንድ ዓመት ከአንድ ቀን ተሠርታ አለቀች።» ሥራዋ ፖርትስመዝ ላይ ኦክቶበር 2 ቀን 1905 ተጀመረ፤ በዓመቱ፣ ኦክቶበር 3፣ ለሙከራ ባሕር ላይ ወጣች። ተጠናቃ አገልግሎት የጀመረችው ግን በዲሴምበር ነው። ያም ሆኖ ፍጥነቱ ያስደንቃል። ያፋጠናት ዕቃው አስቀድሞ መከማቸቱና ለሌሎች ሁለት መርከቦች የታዘዙ የመድፍ ማማዎች ለእሷ መሰጠታቸው ነው።

«ሐሳቡ የእንግሊዞች ብቻ ነበር።» አልነበረም። አንድ ዓይነት ትላልቅ መድፎችን የታጠቀ መርከብ ይሠራ ብሎ ጣሊያናዊው መሐንዲስ ኩኒቤርቲ በ1903 ጽፏል። ጃፓንም ሳትሱማ የተባለችውን መርከብ ከድሬድኖት ቀድማ ጀምራ ነበር፤ የታሰበው መድፍ ሁሉ ስላልተገኘላት ግን ቅይጥ ታጥቃ ወጣች። እንግሊዞች ቀድመው ጨረሱ፤ ለዚያውም አሥር ባለ 12 ኢንች መድፎችን በእንፋሎት ተርባይን ከሚገኝ 21 ኖት (በሰዓት 39 ኪሎ ሜትር ገደማ) ፍጥነት ጋር አጣምረው።

«የሐበሻ መሳፍንት ጎብኝተዋታል።» ይህ የእኛንም ስም ስለሚያነሣ ሰፋ ብሎ ይነገር። በፌብሩዋሪ 1910 ሆራስ ኮል የተባለ ቀልደኛ ጓደኞቹን ፊታቸውን አጥቁሮ፣ ጥምጥምና ሐሰተኛ ጢም አድርጎ፣ የሐበሻ መሳፍንት ናቸው ብሎ ወደ መርከቧ ይዟቸው ቀረበ። ከመሳፍንቱ አንዷ ኋላ ቨርጂንያ ዉልፍ ተብላ በደራሲነቷ ዓለም ያወቃት የያኔዋ ቨርጂንያ ስቴፈን ነበረች፤ አስተርጓሚው ወንድሟ አድሪያን። ባሕር ኃይሉ የክብር ዘብ አሰለፈላቸው። የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ ቢፈለግ ታጣ፤ በምትኩ የዛንዚባር ተሰቀለ፣ መዝሙሯም ተመታ። አስተርጓሚው የላቲንና የግሪክ ግጥም እያጣመመ ሲያነበንብ ሰሚው መኮንን ሁሉ የሐበሻ ቋንቋ መሰለው። ምግብ ሲቀርብ ደግሞ ቀለሙ እንዳይለቅና ጢሙ እንዳይወልቅ ፈርተው አንበላም አሉ። መኮንኖቹ ስለ ኢትዮጵያ ምን ያህል ያውቁ እንደነበር ከዚህ በላይ መናገር አያሻም።

ከዚሁ ጋር «ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ለንደን ሲመጡ ልጆች በመንገድ አሾፉባቸው» የሚል ጨዋታ ይተረካል። ዳግማዊ ምኒልክ በዚያ ጊዜ በሕመም አልጋ ላይ ነበሩ፤ በዕድሜያቸውም እንግሊዝን ረግጠው አያውቁም።

«በመድፏ የጠላት የጦር መርከቦችን አስጥማለች።» አንድም የላትም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1916፣ በእንግሊዝና በጀርመን መካከል ታላቁ የጁትላንድ የባሕር ውጊያ ሲካሄድ ጥገና ላይ ነበረች። ያሰጠመችው ዩ-29 የተባለችውን የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ነው፤ ያውም ማርች 18 ቀን 1915 በስኮትላንድ ሰሜን ባሕር ላይ በአፍንጫዋ ገጭታ። ሰርጓጇ ስትሰጥም ፊቷ ከውኃው ወጥቶ ቁጥሯ ታየ። አዛዧ ኦቶ ቬዲገን ከስድስት ወር በፊት ሦስት የእንግሊዝ መርከቦችን ባንድ ማለዳ ያሰጠመው ሰው ነበር፤ ከባልደረቦቹ ጋር እዚያው ቀረ።

በጦርነቱ ሰጥማለች የሚሉም አሉ። በ1921 በ44,000 ፓውንድ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።