አክስለሬሽን ምንድን ነው?

ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ በፈጣን መንገዱ ስትሄድ ግማሽ ድረስ ውሃ ያለበት ሃይላንድ በእጅህ ያዝ። ሚኒባሱ ከክፍያ ጣቢያው ሲነሳ ወንበሩ ጀርባህን ይገፋል፣ ውሃውም ወደ ኋላ ያዘነብላል። ትንሽ ቆይቶ መኪናው በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ላይ ሲጸና ውሃው ይረጋል። ፍጥነቱ ያኔ ነው ትልቅ የሆነው፤ አክስለሬሽኑ ግን ዜሮ ነው።

ተማሪዎች በብዛት የሚምታታባቸው ይኸው ነው። በትልቅ ፍጥነት የሚሄድ ሁሉ አክስለሬሽን ያለው ይመስላቸዋል። አክስለሬሽን የሚነግረን ግን ፍጥነቱ በየሰከንዱ ስንት እንደሚለወጥ ነው። በአማርኛ ፍጥንጥነት የሚሉትም አሉ። ለማስላት ከመጨረሻው ፍጥነት የመነሻውን ቀንሰህ ልዩነቱን ለፈጀው ጊዜ ታካፍላለህ።

ጋቢና ከተቀመጥክ ራስህ ለካው። መኪናው ከቆመበት ሲነሳ በስልክህ ሰከንድ መቁጠር ጀምር፣ የፍጥነት መለኪያው ቀስት 72 ሲነካ አቁም። 16 ሰከንድ ፈጀ እንበል። ብዙዎች 72ን ለ16 አካፍለው 4.5 ያገኙና አጠገቡ «ሜትር በሰከንድ ስኩዌር» ብለው ይጽፋሉ። ስህተት ነው፤ 72ቱ በሰዓት የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ነው። 1 ኪሎ ሜትር 1000 ሜትር፣ 1 ሰዓት 3600 ሰከንድ ስለሆነ መጀመሪያ ለ3.6 አካፍለው፦

72 ÷ 3.6 = 20 ሜትር በሰከንድ
(20 − 0) ÷ 16 = 1.25 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር

«ሰከንድ ስኩዌር» የሚለው ግር ካለህ «በየሰከንዱ 1.25 ሜትር በሰከንድ ይጨምራል» ብለህ አንብበው። ከ1 ሰከንድ በኋላ ፍጥነቱ 1.25፣ ከ2 በኋላ 2.5፣ ከ3 በኋላ 3.75 ይሆናል። ሾፌሩ ማርሽ ሲቀይር ግፊቱ ለአፍታ ላላ ስለሚል 1.25 አማካዩ ነው።

ፍሬን ሲያዝም ስሌቱ ያው ነው። በሰዓት 108 ኪሎ ሜትር ማለት 30 ሜትር በሰከንድ ነው። በ6 ሰከንድ ከቆመ፣ (0 − 30) ÷ 6 = −5። የመቀነስ ምልክቱ ፍጥነቱ እየወረደ መሆኑን ያሳያል። በእነዚያ 6 ሰከንዶች አማካይ ፍጥነቱ 15 ስለሆነ መኪናው እስኪቆም ድረስ 90 ሜትር ይሄዳል። በሰዓት 54 ቢሆን ኖሮ በዚያው ፍሬን በ3 ሰከንድ፣ 22.5 ሜትር ላይ ይቆም ነበር። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ርቀቱ ወደ ሩብ ወረደ፤ ሾፌሩን «ቀስ በል» ስንለው የምንለምነው ይህችን 67.5 ሜትር ነው።