ጠርሙስ በእቶን ተኝቶ ሰሃን ሲሆን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባዶ የወይን ጠርሙስ በእቶን ሙቀት ለዝቦና ተኝቶ ለቡና ቁርስ የቆሎና የፈንዲሻ ማቅረቢያ ሲሆን ያየ ሰው ሁሉ «እኔም ልሞክረው» ይላል። እኔም የጀመርኩት እንዲሁ ነው። ነገር ግን ስለዚህ ሥራ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው ወሬ ብዙ ስህተት አለበት፤ አንዳንዱ ስህተት ደግሞ እጅ ይቆርጣል።

«ጠርሙሱ ቀልጦ ነው ሰሃን የሚሆነው»

አይቀልጥም። በረዶ በ0 ዲግሪ ውሃ ይሆናል፤ መስታወት ግን እንዲህ ያለ ቁርጥ ያለ መቅለጫ የለውም፣ እየሞቀ በሄደ ቁጥር እየላላ ይሄዳል። የተለመደው ጠርሙስ በዋናነት ከአሸዋ፣ ከሶዳና ከኖራ የተሠራ ነው። 720 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ የራሱን ክብደት መሸከም ያቅተዋል። ከ780 እስከ 800 ዲግሪ ድረስ ደግሞ የላይኛው ጎኑ ቀስ ብሎ ወርዶ በታችኛው ላይ ይተኛል፣ ከሥሩ ያለውን የሸክላ ቅርጽ ማውጫም ተከትሎ ይጎደጉዳል። ፋብሪካው አሸዋውን የሚያቀልጠው 1,500 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። እኛ ከጠርሙሱ የምንፈልገው እንዲተኛ ብቻ ስለሆነ ሙቀት መጨመር ሥራውን አያሻሽለውም። የላላ መስታወት ከሸክላ ጋር ስለሚጣበቅ ቅርጽ ማውጫው አስቀድሞ በካኦሊን (ነጭ የሸክላ አፈር) እና በአሉሚና (እሳት የማይበግረው ነጭ ዱቄት) ብጥብጥ መቀባት አለበት። ክዳኑና ቡሹም ይወጣሉ፤ አየር መውጫ ካጣ ጠርሙሱን ይነፋዋል።

«የቤት ምድጃ ወይም ከሰል ይበቃል»

የኩሽና ምድጃ ከ300 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። ከሰል በወናፍ ሲናፋ ብረት ስለሚያቀላ ሙቀቱ አያንሰውም፤ የሚያንሰው ልጓም ነው። ጠርሙስ በሰዓት 200 ዲግሪ በሚሆን ፍጥነት፣ ከሁሉም አቅጣጫ እኩል መሞቅ ይፈልጋል። አንድ ጎኑ ቀድሞ ከሞቀ ገና ሳይለዝብ ይፈነዳል። መቆጣጠሪያ ያለው የኤሌክትሪክ እቶን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

«ቅርጹን ከያዘ ሥራው አልቋል»

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው፤ እኔም የከፈልኩበት ነው። ሁለተኛ ሰሃኔን ለማየት ቸኩዬ እቶኑን ገና በጣም ትኩስ ሳለ ከፈትኩት። ሰሃኑ ያማረ፣ አንድም ስንጥቅ የሌለበት ነበር። በሦስተኛው ሌሊት ማንም ሳይነካው መደርደሪያ ላይ እንዳለ ጮኾ ለሁለት ተከፈለ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። መስታወት ሲቀዘቅዝ ፊቱ ቀድሞ ይጠነክራል፣ ውስጡ ግን ገና ትኩስ ነው። ውስጡ ዘግይቶ ሊሰበሰብ ሲል የጠነከረው ፊት አላላውስ ይለዋል። በመካከላቸው የሚፈጠረው ውጥረት እዚያው ታስሮ ይቀራል። በጠርሙስ ላይ ደግሞ ይብሳል፤ ቂጡ ወፍራም ነው፣ ሆዱ ስስ ነው፣ አንገቱ ድርብ ሆኖ ይተኛል፣ ሁሉም በየራሱ ፍጥነት ይቀዘቅዛል። ስለዚህ እቶኑ 550 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ለአንድ ሰዓት ያህል እዚያው ይቆማል፤ መስታወቱ ውጥረቱን የሚለቀው በዚህ ጊዜ ነው። ከዚያ እስከ 400 ዲግሪ በሰዓት ከ60 እስከ 80 ዲግሪ እየቀነሰ ይወርዳል። ቀሪውን እቶኑ ተዘግቶ በራሱ ጊዜ ይቀዘቅዛል። ማታ የገባ ጠርሙስ እኔ ዘንድ የሚወጣው በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነው።

የተደበቀውን ውጥረት ማየትም ይቻላል። የኮምፒውተር ስክሪን ላይ ነጭ ገጽ ክፈቱና ሰሃኑን ከፊቱ ያዙት፤ ከዚያም በፖላራይዝድ (ነጸብራቅ በሚቀንስ) የፀሐይ መነጽር ተመልከቱት። መነጽሩን ስክሪኑ እስኪጨልም ድረስ አዙሩት። በጨለማው ውስጥ ሰሃኑ ላይ ደማቅ የብርሃን ጥፍጥፍ ከታየ መስታወቱ ተወጥሯል፣ ለገበታም አይቀርብም። ይህን ዘዴ ካወቅሁ ወዲህ ሳልፈትሽ ለሰው የሰጠሁት ሰሃን የለም።

«የሁለት ጠርሙስ ቁራጭ ቢጋጠም ያምራል»

ለጊዜው ያምራል። የአረንጓዴውና የነጩ መስታወት ቅመም ስለሚለያይ ሲቀዘቅዙ የሚሰበሰቡት እኩል አይደለም፤ መጋጠሚያው ይሰነጠቃል። ለአንድ ሰሃን አንድ ጠርሙስ በቂ ነው።

«ምልክቱ በእሳት ይጠፋል፣ ጠርሙሱም በእሳት ይጸዳል»

የወረቀት ምልክት ተቃጥሎ እድፍ ይተዋል፤ በሙቅ ውሃ ተዘፍዝፎ መላቀቅ አለበት። በጠርሙሱ ላይ ቀድሞ በእሳት የተተኮሰ የቀለም ጽሑፍ ግን እቶን ውስጥም አይጠፋም። የጣት ቅባትና አቧራም ጣጣ አላቸው፤ ከ700 ዲግሪ በላይ ሲቆዩ መስታወቱ በፊቱ ላይ ደቃቅ ክሪስታል እንዲያበቅልና ጉም እንዲለብስ ያግዛሉ።

«ጠርሙስ ስለነበር ለማንኛውም ምግብ ይሆናል»

መስታወቱ ራሱ ለምግብ ችግር የለውም። የጌጥ ቀለም ግን እርሳስ (መርዛማው ብረት) ሊኖረው ስለሚችል ጽሑፍ ያለበት ጎን ወደ ታች ይሁን። እርሳስ ያለበት የክሪስታል ጠርሙስን ጨርሶ አልነካም። ከእሳት የወረደ ወጥም አይገለበጥበትም፤ ይህ መስታወት ድንገተኛ ሙቀት አይችልም። ዳቦ፣ አይብ፣ ፍራፍሬ፣ ቆሎ ይበቃዋል።

«የትኛውም ባዶ ጠርሙስ ቢወሰድ ለአካባቢ ይጠቅማል»

በዚህ አልስማማም። በአገራችን የቢራና የለስላሳ ጠርሙስ በሳጥን ተመልሶ፣ ታጥቦ እንደገና ይሞላል። ጤነኛውን ጠርሙስ ከዚህ ምልልስ አውጥቶ በኤሌክትሪክ መተኮስ ጥፋት ነው። ከውጭ የገባ የመጠጥ ጠርሙስ፣ ከቁራሌው የሚገኝ ተመላሽ የሌለው ሁሉ ለእኛ ይሁን። በአማርኛ የተጻፈበትን የኮካ ኮላ ጠርሙስ ሰዎች አጥብቀው ይጠይቁኛል። የምሠራው ግን አፉ የተሸረፈ ሳገኝ ብቻ ነው፤ እሱን ማንም መልሶ አይሞላውም፣ የሽርፉም ስለት በ790 ዲግሪ ላይ ለስልሶ ይጠፋል።