ከቦርድ ወደ ቦርድ የሚሄድ ዲጂታል ሲግናልና የኢምፒዳንስ ማጣጣም

ማይክሮኮንትሮለርንና ሌላ ቦርድ ላይ ያለን ሴንሰር የሚያገናኝ የኤስፒአይ (ቺፖች በክሎክ ምት እየተመሩ ዳታ የሚለዋወጡበት ግንኙነት) መስመር በ10 ሳንቲ ሜትር ሽቦ እንከን ሳይኖረው ሠርቶ፣ ግማሽ ሜትር ሪባን ኬብል (ጠፍጣፋ ባለ ብዙ ሽቦ ኬብል) ሲገባበት የተሳሳተ ዳታ ማምጣት ይጀምራል። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው የክሎኩን፣ ማለትም የዳታውን ጊዜ የሚመታውን ሲግናል፣ ፍጥነት መቀነስ ነው፤ ችግሩ ግን ብዙውን ጊዜ ባለበት ይቀጥላል። ወሳኙ ሲግናሉ በሰከንድ ስንት ጊዜ መቀያየሩ ሳይሆን ከዜሮ ወደ 3.3 ቮልት ለመውጣት የሚፈጅበት ጊዜ ነው። የዛሬ ቺፕ ክሎኩ 1 ሜጋኸርዝ ቢሆንም እንኳ በ1 ወይም በ2 ናኖ ሰከንድ ሊወጣ ይችላል።

ሲግናል በኬብል 1 ሜትር ለመሄድ 5 ናኖ ሰከንድ ገደማ ይወስድበታል። በተለመደው ኤፍአር4 (የፋይበርግላስ) ቦርድ ላይ ደግሞ በ1 ናኖ ሰከንድ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል። የአንድ አቅጣጫ ጉዞው ከመውጫ ጊዜው አንድ ስድስተኛ ከበለጠ ሽቦውን ሲግናሉ እንደ ሞገድ የሚጓዝበት ማስተላለፊያ መስመር አድርጎ ማስላት ግድ ነው። መውጫ ጊዜው 1 ናኖ ሰከንድ ከሆነ ወሰኑ ቦርዱ ላይ 2.5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው!

ኢምፒዳንስ (መስመሩ ለሚጓዘው ሞገድ የሚያሳየው ተቃውሞ፣ በኦም የሚለካ) በተለወጠበት ቦታ ሁሉ የሞገዱ ከፊል ወደ ኋላ ይመለሳል። የተቀባዩ ቺፕ መግቢያ ክፍት ጫፍ ያህል ስለሆነ ሞገዱ ከሞላ ጎደል እንዳለ ይመለስና ቮልቴጁ ከልኩ አልፎ ይዋልላል። በዳታ መስመር ላይ ከመነበቡ በፊት ከረጋ ጉዳት የለውም። በክሎክ መስመር ላይ ግን ተቀባዩ አንዱን ምት ሁለት አድርጎ ይቆጥርና ተከታዮቹ ቢቶች በሙሉ ከቦታቸው ይንሸራተታሉ። ክሎክ ማዘግየት የማይፈውሰውም ይህንኑ ነው።

ርካሹ መድኃኒት በላኪው በኩል በተከታታይ የሚገባ ሬዚስተር ነው። ሲግናልና ግራውንድ (የጋራ መመለሻ ሽቦ) እየተፈራረቁ የሚሄዱበት፣ በሽቦዎቹ መካከል ያለው ርቀት 1.27 ሚሊ ሜትር የሆነ ሪባን ኬብል ኢምፒዳንሱ 100 ኦም አካባቢ ነው፤ የፒኑ ውስጣዊ ሬዚስታንስ 25 ኦም ከሆነ ድምሩ ከኬብሉ 100 ኦም ጋር እንዲገጥም 75 ኦም ከፒኑ አጠገብ ይገባል። ከሴንሰሩ ለሚመለሰው የዳታ መስመር ሬዚስተሩ በሴንሰሩ በኩል መሆን አለበት፤ በተደጋጋሚ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ይህ ዘዴ ለአንድ ተቀባይ ነው። መሃል ላይ ሌላ ተቀባይ ካለ ሞገዱ ተመልሶ እስኪመጣ ድረስ ግማሽ ቮልቴጅ ላይ ይቆያል። መስመሩን ጫፉ ላይ ወደ ግራውንድ በ100 ኦም መዝጋት ደግሞ ከፒኑ እስከ 33 ሚሊ አምፔር ስለሚጠይቅ ለብዙ ማይክሮኮንትሮለር ከባድ ነው፤ በዚህ ጊዜ መስመር የሚነዳ ባፈር ቺፕ ያስፈልጋል።

ብዙ ቦርድ የሚጋራው ባለ ሁለት ሽቦ መስመር፣ ካን ባስ፣ በሁለቱም ጫፍ በ120 ኦም ሬዚስተር ይዘጋል። ኃይል አጥፍቶ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል በመልቲሜትር ሲለካ 60 ኦም ገደማ መምጣት አለበት፤ 120 ካሳየ አንዱ ጎድሏል፣ 40 ካሳየ አንድ ተርፏል።

ሬዚስተሩ ልክ ሆኖ ግራውንዱ ከጎደለ ግን ድካሙ ከንቱ ነው። ስምንት ሲግናል በአንድ ግራውንድ ሽቦ ሲመለስ አንዱ በሌላው ላይ ይረብሻል። የኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ኬብል ለአልትራ ዲኤምኤ 66 (ፈጣን የዳታ ማስተላለፊያ ደረጃ) ከ40 ወደ 80 ሽቦ ሲያድግ ማገናኛው 40 ፒን እንደሆነ ቀርቷል፤ የተጨመሩት 40 ሽቦዎች በሙሉ ግራውንድ ናቸው።

ውጤቱ በኦሲሎስኮፕ (የቮልቴጅን መለዋወጥ በጊዜ የሚያሳይ መሣሪያ) ሲታይ ፕሮቡ (የመለኪያ ዘንጉ) 10 እጥፍ (10X) ላይ ይሁን፣ መለኪያውም ተቀባዩ ፒን ላይ። የፕሮቡን ረጅም የግራውንድ ሽቦ አውልቆ አጭሩን ስፕሪንግ መጠቀም ያስፈልጋል፤ ረጅሙ ሽቦ መስመሩ ላይ የሌለ መዋለል ይፈጥራል።